ምስጥ ያልነካውን ባሕር ዛፌን ከአቦምሳ ወደ አሰላ ያደረስኩበት ጉዞ

ከጉዞው በፊት የተጓዡን ማንነት ማስታወቅ ይገባኛል፤ አለበለዚያ አንባቢ የሚያየው ቅጠል ተሸክሞ በመኪና የሚዞር አንድ ሽማግሌ ብቻ ይሆናል። ስሜ ሽኩር ነው። አቦምሳ መናኸሪያ ወርዶ «ሽኩር ችግኝ የት ነው?» ያለ ሰው ሁለተኛ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፈተ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የገዛ ሬዲዮዬን አበላሽቼ ነው። የችግኝ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ከጎሎልቻ እስከ መርቲ ያለው ገበሬ ከእኔ እጅ ወስዶ ያልተከለ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ከዛፎቼ ሁሉ የሚበልጠው በግቢዬ ጥግ፣ ከመንገዱ ዳር አርባ ዓመት የቆመው ቀይ ባሕር ዛፍ ነበር። እንደ ክር የቀና ነው። የእኛ አገር ቆላ ቀመስ ነው፤ ምስጥ የቤት ማገር፣ የአጥር እንጨት፣ የቁም ችግኝ ሳይቀር ይበላል። ይህን ዛፍ ግን ምስጥ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ፍሬውን እየዘራሁ ብዙ ችግኝ አፈላሁ፤ ገሚሱን ምስጥ በላው፣ ገሚሱ ጎበጠ። ምክንያቱን ራሴ ደርሼበታለሁ፤ እናቱ አንድ ብትሆንም ንቦች ከየጎረቤቱ ዛፍ የአበባ ዱቄት እያመጡ አባቱን ብዙ አድርገውታል።

መንገዱ ሊሰፋ መሆኑን የመንገድ ሥራ ሰዎች ነገሩን። ዛፉ በስፋቱ ውስጥ ገብቷል። ቢቆርጡት ግድ አልነበረኝም፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዶዘር ግን ከነሥሩ ነው የሚነቅለው። ሰኞ እንመጣለን አሉ። በዚያው ሰሞን አሰላ ከተማ ዳር ባሕር ዛፍን በጠርሙስ ውስጥ የሚያባዙ ሰዎች እንዳሉ በሬዲዮ ሰማሁ። ሥራውን ቲሹ ካልቸር ይሉታል። ከዛፉ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወስደው፣ መግበው፣ እሱኑ ራሱን መቶም ሺህም ያደርጉታል። ከፍሬ የሚበቅለው የዛፉ ልጅ ነው፤ ይህ ግን ዛፉ ራሱ ነው። ዕለተ ሰኞ ሳይደርስ ዛፌን አሰላ ማድረስ ነበረብኝ።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ መሰላል አቁሜ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ሰባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ መሰላሉን ግን ማንም አልያዘልኝም። የቆረጥኩት ከጫፉ ነው። ጫፉ ባለፈው ወር የወጣ ስለሆነ ከሁሉ ለጋ እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። የተቆረጠበትን አፍ በቀለጠ ሻማ ደፈንኩ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩ፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። ይህ የራሴ ዘዴ ነው፤ በዚህ ዓይነት የማንጎ ቅርንጫፍ ሦስት ቀን አቆይቻለሁ።

ባለቤቴ ዘሃራ ጭኮ ቋጠረችልኝና የመንገድ ሥራ ሰዎች ቃል አይታመንም፣ ዓርብ ቢመጡ ምን ላድርግ ስትል ጠየቀችኝ። ሰኞ ብለዋል፣ ሰኞ ነው አልኳት።

ሚኒባሱ ከመነሣቱ በፊት የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ስለ ጆንያው ጠየቀኝ፤ ለሁሉም አስረዳሁ። አንዱ ሹፌር፣ ዛፍ ታሞ በመኪና ሲሄድ ገና ዛሬ አየሁ አለ። ዕድሜ ከሰጠህ ብዙ ታያለህ ብዬው ገባሁ።

ሲሬ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውን አስረን ትንሽ እንደሄድን እሱም ተነፈሰ። ሲሬ እንደምንም ገብተን ጎሚስታ ቤት ብንሄድ ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፤ ከነገ በፊት አይመለስም ተባለ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሹፌሩን ሲጨቃጨቁ እኔ ጆንያዬን ይዤ ወደ ኑሪ ቤት አቀናሁ። ኑሪ በልጅነቱ ከአባቴ ሱቅ ዕቃ እየወሰደ ይሸጥ የነበረ ነው፤ ዛሬ ሲሬ ላይ የራሱ ሱቅ አለው። ሚስቱ ከድጃ በሩን ከፍታ ስታየኝ የመጣሁበትን ሳትጠይቅ ውሃ አቀረበች። ኑሪ በብርቱ ጉንፋን ተይዞ፣ ጋቢ ተከናንቦ መደብ ላይ ተኝቷል። የሲሬ አየር ከእኛ ይቀዘቅዛል፤ አቦምሳ በዚህ ወር አንሶላ እንኳ ይከብዳል፣ እዚህ ግን ከድጃ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። ጆንያውን ጥላ ያለበት ቦታ ብዬ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጥኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ቀኑን ሙሉ ስናገር ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ

ስነቃ ቤቱ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። መጀመሪያ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ወጣ ስል ኑሪ ፊቱ ወዝቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ትልቅ ድስት አለ፤ ድስቱ ውስጥ የዛፌ ጫፍ ከነቅጠሉ ተቀቅሎ ይተናል።

«አላህ ይስጥህ ሽኩር» አለ ኑሪ። «ጉንፋን እንደያዘኝ ማን ነገረህ? ሦስት ቀን አፍንጫዬ ተደፍኖ ነበር፤ አሁን ይኸው እንደ ሰው እተነፍሳለሁ።»

ከድጃም ከበሩ ላይ ሆና፣ «የሲሬው እንዲህ አይደለም ጋሽ ሽኩር፤ የእርስዎ ዛፍ ሽታው ይለያል» አለች።

እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቤቱ ውስጥ ታማሚ አለ፤ እንግዳው ያመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እቀቅለው ነበር። ምን ልበል? ጤና ይስጥህ አልኩና ሻዬን ጠጣሁ። ከድጃ ምድጃው ዘንድ ሳለች የወዳደቁ ሦስት ቅርንጫፎች ጆንያው ሥር ቀርተው አገኘሁ። ስጠቀልላቸው አይታ፣ ለመንገድ ደግሞ ለራሴ መያዜ ተገቢ መሆኑን ነገረችኝ፤ አሰላ ብርድ ነው። ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ጠርሙስ ወተትም ጨመረችልኝ። በዚህ ዓይነት ቤት ላይ የሚቆጣ ሰው ሰው አይደለም።

ጎማው ረፋድ ላይ ተጠገነ። ዴራ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩ። ከኢተያ በኋላ አገሩ ሁሉ ስንዴ ነው፤ የእኛ ማሽላ እዚህ አንድም አገዳ የለውም። ገበሬው በፈረስ ጋሪ ይሄዳል፤ ከእኛ ዘንድ ይህን ሁሉ የሚሠራው አህያ ነው። ባሕር ዛፉ ነጩ ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ሰማያዊ ይመታል፣ ይረዝማል፣ ግንዱ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠመዘዛል። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ይህን አስረዳሁት፤ እሱም የስንዴ ነጋዴ መሆኑን ነግሮኝ ተኛ።

አሰላ ስገባ ጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ካፊያ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ የምትባል ሴት ናት፤ ስንቀጠቀጥ አይታ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ሰጠችኝ፣ እግሬንም በሙቅ ውሃ ካልታጠብኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ተናግራ ባሊ አመጣች። አልተሳሳተችም።

ዓርብ

ቤተ ሙከራው ከከተማው ዳር ነው። ከውጭ ሲያዩት የእህል መጋዘን ይመስላል። ያስተናገደችኝ ጫልቱ የምትባል፣ ከልጄ ልጅ ብዙም የማትበልጥ የአሰላ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ትጀምርና ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ጫማ አስወልቃ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ፣ ነጭ ጋዋን አለበሰችኝ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስታጠበችኝ። ከሆስፒታል ይልቅ ይጠነቀቃሉ። ምክንያቱን ጠየቅኩ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምግብ ስኳር ስላለበት፣ ከአየር የምትገባ አንዲት የሻጋታ ቅንጣት ሁሉን ትበላዋለች አለችኝ።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ፀሐዩ ነጭ መብራት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ሁሉ ጠርሙስ ነው። በየጠርሙሱ ሥር እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ የረጋ ነገር አለ፤ በላዩ ላይ ትንንሽ ባሕር ዛፎች ቆመዋል፤ ቁመታቸው እንደ ክብሪት እንጨት ነው፤ አፈር አያውቁም። ልጆቹ በአልኮል እሳት ባቃጠሉት ስለት እየቆራረጡ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ አራት ያዛውሯቸዋል። በእኔ ችግኝ ጣቢያ የአንድ ክረምት ሥራ የሆነው እዚህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። አስደነቀኝ አልልም፤ ሐሳቡ እኔም ዘንድ ነበር፣ መብራቱ ነው ያልነበረኝ።

ሦስቱን ቅርንጫፎች ፈታሁላት። በሻማ የደፈንኩትን አፍ አይታ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀች፤ ራሴ ነኝ አልኩ። እዚህ ቅርንጫፍ የሚያመጡ ባለሙያዎች እንኳ ይህን አያደርጉም አለች። ከዚያ ግን ቅርንጫፉን አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይህ ከጫፉ ነው?»

«ከጫፉ። ከሁሉ ለጋው።»

«ለጋ አይደለም። ዛፍ ላይ ሽማግሌው ከላይ ነው፣ ልጁ ከታች ነው።»

ሳቅሁ። ዛፍ እያየሁ መሸምገሌን ነገርኳት። እሷም አልተከራከረችም፤ እጄን ይዛ ወደ አንድ መደርደሪያ ወሰደችኝ። በስተግራ ያሉት ጠርሙሶች ውስጥ ያሉት ቁራጮች ቡናማ ሆነው ሞተዋል፤ ከዛፍ ጫፍ የተወሰዱ ናቸው። በስተቀኝ ያሉት ለምልመዋል፤ ከዚያው ዛፍ ከግንዱ ግርጌ የወጡ ናቸው። ጫፉ የወጣው ዛፉ አርባ ዓመት ከኖረ በኋላ ስለሆነ የአርባ ዓመት እርጅና ተሸክሟል፤ ሥር ማውጣት አይችልም። ግርጌው ግን ዛፉ ልጅ ሳለ የተሠራ ስለሆነ እስከ ዛሬ ልጅ ነው። ጉቶ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር። ሁለቱን መደርደሪያ ደጋግሜ አየሁ። ትክክል ናት።

እንግዲያው ምን ላምጣ አልኳት። ከታች ካሉት ቅርንጫፎች፣ ከግንዱ ከሚነሡበት ጀምሮ፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣ አንድ ሜትር የሚሆን አምስት ስድስት ቁራጭ፤ ቅርፊቱ ሳይላጥ። እርጥብ አሸዋ ላይ ታስተኛቸዋለች፤ ቅርፊቱ ሥር የተኙት ቡቃያዎች በወር ውስጥ ይነቃሉ፤ ከእነሱ ትወስዳለች። ቅዳሜ ቤቴ ደርሼ እሁድ ቆርጬ መመለስ እችላለሁ ብዬ አሰላሁ።

ከጁምዓ ሶላት ስወጣ ዘሃራ ደወለች። ዶዘሩ መጥቷል፤ ከመስጊዱ በታች ያለውን አጥር እያፈረሰ ነው፤ እስከ አሥር ሰዓት ከእኛ ግቢ ይደርሳል። ነግሬህ ነበር አላለችም። ይህን እዚህ መጻፍ ይገባኛል።

አቦምሳ ላይ የሞተር መጋዝ ያለው፣ ቅርፊት ሳይላጥ መቁረጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተማም። እንጨት ነጋዴ ነው። ያን ዛፍ ለምሰሶ ሽጥልኝ ብሎኝ እንቢ ስለው፣ ሰርግ ቤት በሰው ፊት፣ ምስጥ የማይበላው ዛፍ የለም፣ ሽኩር ነው ያወራው ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሰላም የምንባባለው ቀብር ላይ ብቻ ነው። መስጊዱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ትንሽ አየሁት፣ ከዚያ ደወልኩ።

«ተማም፣ ሽኩር ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቁጥርህን አልሰረዝኩትም።»

የምፈልገውን ነገርኩት፤ ከታች ያሉት ሦስት ቅርንጫፎች፣ አንድ ሜትር፣ ቅርፊቱ እንዳይነካ።

«ጫፉን ይዘህ ሄደህ የለም እንዴ? መናኸሪያው ሁሉ አይቶሃል።»

«ጫፉ አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«እዚህ ያለች ልጅ።»

የዶዘሩ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንተን? ልጅ አስተማረችህ?»

«አስተማረችኝ።»

«እስቲ ድገመው።»

«አስተማረችኝ ተማም። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«ይህን ለመስማት ዛፉ ቀርቶ ተራራውንም እቆርጥልሃለሁ» አለና ዘጋው።

አፉን በሻማ ድፈነው ማለቴን ረሳሁ። መልሼ ብደውል አያነሣም፤ መጋዙ ተነሥቷል ማለት ነው። ለዘሃራ ደውዬ ሻማ ይዛ እንድትወጣ ነገርኳት። ቀደም ብላ አቅልጣ እየጠበቀች ነበር።

ቅዳሜ

ቁራጮቹ በመኪና ይላካሉ ብዬ ጠዋቱን መናኸሪያ ተቀምጬ ከአቦምሳ መስመር የሚመጣውን መኪና ሁሉ ጠበቅሁ። የአሰላ መናኸሪያ ከእኛ ይሰፋል፣ ጥላ ግን የለውም፤ በዚህ ብርድ ጥላ የሚፈልግ ስለሌለ ይሆናል። ወይዘሮ አልማዝ ቁርስ ሳልበላ መውጣቴን ሰምታ ጨጨብሳ በሰሐን ሸፍና ላከችልኝ።

ከሰዓት በኋላ የገባው አውቶቡስ አይደለም፤ የተማም አይሱዙ ነው። ራሱ እየነዳ። ስድስቱ ቁራጭ እርጥብ ጆንያ ለብሰው፣ አፋቸው በሻማ ተደፍኖ፣ ከጋቢናው ኋላ በፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ለሹፌር ብሰጥ ማገዶ መስሎት ሰው ያስቀምጥበታል፣ ቅርፊቱ ይላጣል ብሎ ነው ራሱ የመጣው። ኬላ ላይ እንጨት ጭነሃል ተብሎ ሲቆም፣ በሽተኛ ነው፣ አሰላ ለሕክምና ነው የምወስደው ማለቱን ነገረኝ። ጠባቂው ጆንያውን ገልጦ አይቶ፣ አላህ ይማረው ብሎ አሳልፎታል።

ዶዘሩን እንዴት እንዳቆመው ጠየቅሁት። ዘሃራ ነች ያቆመችው አለ፤ ነጂውን ምሳ ሳትበላ ግቢዬን አታፈርስም ብላ አስገብታ፣ እሱ እስኪበላ ድረስ ተማም ቆርጦ ጨረሰ። ዛፉስ አልኩ። ግንዱ ሲወድቅ በመጋዙ ቆራርጦ መሃሉን አይቶታል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድም የምስጥ ቀዳዳ የለበትም። ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ መሪውን ይጠርግ ነበር።

ጫልቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አልነበራትም፤ ደውዬላት ከቤቷ መጣች። ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች አይታ «ቶሌ» አለች፤ በኦሮምኛ እሺ ማለቷ ነው። አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። የመዝገቢያ ወረቀት አውጥታ የዛፉን ስም ጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ ዛፍ መለያ ይሰጡታል። ተማም አጠገቤ ቆሟል፤ ምን እንደምል ያውቃል። «ሽኩር» ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ያን ሌሊት አንድ ክፍል ነው የተከራየነው። ብርድ ልብሱ ለሁለት አልበቃም።

እሁድና ሰኞ

በተማም መኪና ተመለስን። ዴራ ላይ ምሳ በላን፤ ሲሬ ላይ ኑሪ ድኖ ሱቁ ውስጥ አገኘነው፤ ቅጠል ይዤለት እንዳልመጣሁ ሲያይ ቅር ያለው መሰለኝ። እዚያው አደርን። ሰኞ ቀትር ላይ አቦምሳ ገባን። ግቢዬ ጥጉ ላይ ሜዳ ሆኗል፤ ሥሩ የነበረበት ጉድጓድ በቀይ አሸዋ ተሞልቶ ተደልድሏል። ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ ከአሰላ ብርድ በኋላ ደስ ይላል።

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነው። በዚህ ጉዞ ያከናወንኳቸው የሚከተሉት ናቸው፦

መሰላል ሳይያዝልኝ ዛፍ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ።

የኑሪን ጉንፋን አድኛለሁ።

በሻማ የመድፈን ዘዴዬን አሰላ ላይ አስተዋውቄያለሁ፤ አሁን ቅርንጫፍ ለሚያመጣ ሁሉ እንደሚነግሩ ጫልቱ ገልጻልኛለች።

ዛፍ ላይ ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከታች መሆኑን ለአቦምሳ ችግኝ ሠሪዎች ሁሉ አስተምሬያለሁ። ማን እንደነገረኝ ለሚጠይቅ እናገራለሁ።

ከተማም ጋር ታርቄያለሁ።

ስድስት ቁራጭ ሳይላጥ አሰላ አድርሻለሁ። አሸዋው ላይ አራቱ ደርቀዋል፤ ሁለቱ አቆጥቁጠዋል። ከእነሱ ሰባት ቡቃያ ተወስዶ በሰባት ጠርሙስ ገባ። ስድስቱን ሻጋታ በላቸው።

ሰባተኛውን ጫልቱ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የክብሪት እንጨት ያክላል፤ አራት ቅጠል አለው፤ ጠርሙሱ ላይ «ሽኩር» ይላል። ተማም ፎቶውን አይቶ፣ ከሰባት አንድ ብቻ አለ። አንድ ይበቃኛል። ያኛውም ዛፍ አንድ ነበር።